ልጄ «እርስዎ» ሲለኝ

ውድ እህቴ፣

ሐኪሟ እንደዚያ አላለችም።

ከዚህ ልጀምር፤ ወደ መጨረሻ ካቆየሁት ወረቀቱ ያልቅብኝና ሳልናገረው እቀራለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት «የአንቺና የአቡሽ ጨዋታ እያባሰበት ነው፣ ለጊዜው ብትርቂው ይሻላል፣ ስልክም ባትደውይለት ጥሩ ነው ብላለች ሐኪሟ» ያልኩሽ ከራሴ አውጥቼ ነው። ያኔ ሐኪሟን ካየናት ዓመት ከመንፈቅ አልፎን ነበር። አንቺ ግን አንዲት ቃል ሳትከራከሪ አመንሽኝ። አልጋሽ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለሽ፣ «እሱስ ምን አለ?» አልሽኝ። «ግድ የለውም፤ ታውቂው የለ» አልኩሽ። እሱ ሥራ ቦታ ነበር። ምኑንም አልሰማም።

ይህን ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ስልክ አንስቼ ነበር። ግን ራሴን አውቃለሁ። አንቺ «እታለም» ብለሽ ስትጀምሪ ነገሩን አድበስብሼ፣ ስለ ጤናሽ ጠይቄሽ እዘጋለሁ። ስለዚህ መጻፍ ይሻለኛል። አንዴ ፖስታ ቤት የሰጠሁትን መልሼ መዋጥ አልችልም።

ቀንቼብሽ ነው። ሌላ ስም ልፈልግለት ሞክሬ ነበር። ለልጄ ብዬ ነው አልኩ፤ አንቺም የራስሽን ኑሮ እንድትጀምሪ ብዬ ነው አልኩ፤ ቤቱ ጠቦን ነው አልኩ። አንዱም ልክ አልመጣልኝም። ቀንቼብሽ ነው።

መቼ እንደጀመረኝ ቀኑን ሳይቀር አውቀዋለሁ። ባልሽን ፈትተሽ፣ «ለሁለት ወር ብቻ» ብለሽ በመጣሽ በሦስተኛው ቀን ነው። አቡሽ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ከሚሠራበት ማተሚያ ቤት ገብቶ እንደ ልማዱ ኮሪደሩ መሃል ቆሟል፤ ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ የማይታይ መሪ ጨብጦ፣ እንደ ሞተር እያጉረመረመ። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ «ተው አቡሽ፤ ሰው ፊት ነውር ነው» አልኩት። አንቺ ፎጣሽን ትከሻሽ ላይ ጣል አድርገሽ ከመታጠቢያ ቤት ወጣሽና ፊቱ ቆምሽ።

«ሹፌር፣ ወደ ወጥ ቤት ይሄዳል?» አልሽው።

ማጉረምረሙን አቆመ። እኔም ቢላዬን አቆምኩ።

«ይሄዳል» አለ ቆይቶ። «ግን ቆሞ መሳፈር ክልክል ነው።»

አንቺ ወንበር ይዘሽ መጣሽና ከኋላው እየጎተትሽ ተሳፈርሽ። ስድስት እርምጃ በማይሞላ ኮሪደር ሁለት ቦታ ቆሞ፣ አንዴ መብራት ይዞት፣ ወጥ ቤት አደረሰሽ። «ወራጅ አለ» ስትይው ሳቀ። እህቴ፣ ያን ሳቅ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት አባቱ በሕይወት ሳለ ነው። አባቱ ካረፈ ደግሞ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ሽንኩርቱን አሳብቤ ዓይኔን ጠረግሁ፤ ዕንባው የደስታ አልነበረም። ይቺ ትናንት የመጣች፣ አልኩ በልቤ፣ ከየት አባቷ አወቀችበት?

ሁለቱ ወር ሦስት ዓመት ሆነ። በሦስቱ ዓመት ውስጥ አንቺ አንድም ክፉ ነገር አልሠራሽም፤ ይህ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። ብትበድይኝ ኖሮ እገላገል ነበር።

እኔ የልጄን ቆዳ አውቃለሁ። የልብስ ስፌት ከውስጥ ከነካው ቀኑን ሙሉ ሲያክክ ስለሚውል፣ ስፌቱን ወደ ውጭ አውጥቼ ነው ሸሚዞቹን ሁሉ የምሰፋለት። ምን ከምን ጋር ሳህን ላይ መነካካት እንደሌለበት አውቃለሁ። የበር ደወል እንደሚያስደነግጠው አውቄ ነቅዬዋለሁ። ሃያ ምናምን ዓመት የተማርኩት ነው። አንቺ ግን ወሬውን ወሰድሽብኝ። የወረቀት መቁረጫው ቢላ ሲወርድ ጥርሱን እንደሚያመው ለአንቺ ነገረሽ፤ እኔ ከአንቺ ሰማሁ። ጥረዛ ክፍል ውስጥ የመጽሐፍ ገጽ በተራ ለቅሞ ሲጨርስ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚንጎራደድ «ተቆጣጣሪ» እንደሚሆን ለአንቺ ነገረሽ፤ እኔ ከአንቺ ሰማሁ። ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ ጥፍሩን አላስነካ ያለኝ ልጅ፣ አንድ እሑድ ሳሎን ስገባ እጁን ጭንሽ ላይ ዘርግቶልሽ አገኘሁት። «ተቆጣጣሪ በረጅም ጥፍር ገጽ አይገልጥም፤ ወረቀቱ ይቀደዳል» እያልሽ አንድ በአንድ ትቆርጪለታለሽ። «አይ ጎበዝ» ብዬ አለፍኩ። ጓዳ ገብቼ የታጠፈ ልብስ ፈትቼ እንደገና አጠፍኩ።

ከሁሉ ያቆሰለኝ ግን «እንግዳው» ነበር። ታስታውሺዋለሽ። እኔ በሆነ ነገር ስጮህ፣ ድስት አረረ ብዬ ወይም ጫማውን በር ላይ ተወው ብዬ፣ እሱ ድምፁን አጥፍቶ ይወጣል። ከዚያ የሳሎኑን በር ከውጭ ያንኳኳል። አንገቱን አቀርቅሮ ይገባና፣ «ይቅርታ እመቤት፣ መቀመጥ ይቻላል?» ይለኛል። ጉልበቱን ገጥሞ የወንበሩ ጫፍ ላይ ይቀመጣል። «ቤትዎ ደስ ይላል» ይለኛል። በገዛ ቤቴ፣ የወለድኩት ልጅ።

«እናትህ ነኝ፣ እርስዎ አትበለኝ» ስለው፣ «እሺ እመቤት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ይላል። አንቺ ጥግ ላይ ሆነሽ ከንፈርሽን ትነክሻለሽ። እኔ ላይ የምትስቂ ይመስለኝ ነበር። ለአንቺ «አክስቴ፣ ነይ፣ ተቀመጪ» የሚል ልጅ እኔን «እርስዎ» ሲለኝ፣ ባዳ ያደረገኝ መስሎኝ ውስጤ ይቃጠላል።

አንድ ቀን ልታስረጂኝ ጀምረሽ ነበር። «እታለም፣ እሱ እኮ እንዲህ የሚሆነው ሲጨንቀው ነው…» ስትይ አፍሽን አስያዝኩሽ። «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» አልኩሽ። ከዚያ ወዲያ ስለ እሱ ምንም ልታስተምሪኝ አልሞከርሽም፤ እኔም አልጠየቅሁሽም።

ከዚያ የማተሚያ ቤቱ ሠላሳኛ ዓመት መጣ። ሠራተኛው ሁሉ አንድ ሰው ይዞ እንዲመጣ የተባለ ቀን። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ሰማያዊ ሸሚዝ ስሰፋለት ሰነበትኩ። ለራሴም ቀሚስ አዘጋጅቼ፣ የስፌት ቤት አለቃዬን ግማሽ ቀን አስፈቅጄ ነበር። እሱ ስም መጻፊያው ላይ «የሚመጣልኝ ሰው» በሚለው ቦታ የአንቺን ስም ጽፏል። የሰማሁት ከቤት ሊወጣ ጫማውን ሲያስር ነው። «እታለም አንቺ ሂጂ፣ እኔ እቀራለሁ» አልሽኝ። እሱ ግን፣ «ስሙ ተጽፏል፤ አይቀየርም» አለ። ተጽፏል ያለውን ነገር እንደማይቀይር ሁለታችንም እናውቃለን። ሄዳችሁ። ቀሚሴን እንደለበስኩ መስኮት ላይ ቆሜ አየኋችሁ። ሸሚዙ አምሮበታል። ጎኑ ሆነሽ ተሳፋሪ መስለሽ ትሄጃለሽ።

በአራተኛው ቀን ያንን ውሸት ነገርኩሽ።

የሄድሽ ቀን ከሥራ ሲገባ አልጋሽን አየ። «አክስቴስ?» አለ። «ሥራ አግኝታ ሌላ ከተማ ሄደች» አልኩት። «መቼ ትደውላለች?» «እንጃ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁልጊዜ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን የቤቱን ስልክ ፊቱ አስቀምጦ ይቀመጥ ነበር። «ደወለች?» ይለኛል፤ «አልደወለችም» እለዋለሁ። እውነት ነበር። እውነት ውሸትን እንዲያገለግል ማድረግ እንደሚቻል ያኔ ነው የተማርኩት። አንቺ ደግሞ ሁለት ጊዜ «እንዴት ነው?» ብለሽ መልእክት ልከሽልኝ፣ «ደህና ነው፣ አይጠይቅም» ብዬ መለስኩልሽ። እየጠየቀኝ አጠገቤ ቆሞ ነው የጻፍኩት።

አሁን ቦታው የእኔ ነው አልኩ። አንድ ቀን ኮሪደሩ ላይ እጁን ሲዘረጋ ጠብቄ፣ ወንበር ይዤ ሄድኩና፣ «ሹፌር፣ ወደ ወጥ ቤት ይሄዳል?» አልኩት፤ ልክ እንደ አንቺ፣ ድምፄን አቅጥኜ።

ዞሮ አየኝ። «እማዬ፣ ወጥ ቤቱ እዚሁ ነው» አለኝ። «ስድስት እርምጃ ነው።»

እጁን አወረደ። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን ወንበሩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ መንዳቱን ተወው። ተቆጣጣሪውም ጠፋ። እንግዳውም መምጣት አቆመ፤ ስጮህበት ዝም ብሎ ግድግዳ ያያል። እኔስ? «ዳነልኝ» አልኩ። ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ያን ነገር ትቷል» እያልኩ አወራሁ። ያንቺ መሄድ ጠቀመው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሲከሳ፣ ሥራ ሲያረፍድ፣ አንሶላ ተከናንቦ ሲውል እያየሁ።

በስድስተኛው ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ መጋረጃ እየለካሁ ሳለ ተደወለልኝ። ከማተሚያ ቤቱ አንድ ሽማግሌ ጠራዥ ነበሩ። «እናቱ፣ ቶሎ ይምጡ፤ ልጁ መንገድ ላይ ወድቋል» አሉኝ። የልኬት ሜትሩ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ ሮጥኩ። ማተሚያ ቤቱ በር አጠገብ መንገድ ይቆፈራል፤ መሰርሰሪያው መሬት ያንቀጠቅጣል። አቡሽ አስፋልቱ ዳር ተኮራምቶ፣ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ራሱን ከአጥር ጋር ያጋጫል። ሰው ከቦታል። አንዷ ውኃ ታፈስበታለች። አንዱ «ያዙት እንጂ» ይላል። እኔ መጥቼ ምን አደረግሁ መሰለሽ? ከኋላው አቅፌው ስሙን እየጠራሁ ጮህኩ። በክርኑ መታኝ፤ ከንፈሬ ተተረተረ። ማን እንደያዘው አላወቀም።

ሽማግሌው ሰዉን በተኑ። ለቆፋሪዎቹ በእጃቸው ምልክት ሰጥተው መሰርሰሪያውን አስቆሙ። ከእሱ ሁለት ክንድ ያህል ራቅ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡና ዝም አሉ። ሩብ ሰዓት ያህል ዝም። እሱ ቀስ በቀስ ጆሮውን ለቀቀ። ያኔ ወደ እኔ ዞረው፣ «ሹፌሩ ምን ሆነ?» አሉኝ።

«የቱ ሹፌር?»

«ሹፌሩ ነዋ። ጠዋት ጠዋት እሱ አልነበር የሚያመጣው? በር ላይ ሲደርስ ፍሬን ይይዝና ‹ደርሰናል› ይለናል። እኛም ‹እንኳን በሰላም አደረስከን› እንለዋለን። ከቀረ ግማሽ ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ ልጁ ግድግዳ ግድግዳ እየታከከ ነው የሚመጣው።»

ከንፈሬ እየደማ ምን ተሰማኝ ብልሽ ታምኛለሽ? ቅናት። አንቺ ብቻ መስለሽኝ ነበር፤ ለካ ጥረዛ ክፍሉ በሙሉ ከልጄ ጋር ይሳፈር ኖሯል። ከእኔ በቀር።

ያን ጊዜ ነው ተመልሰን ሐኪሟን በእውነት ያየናት። እሱን ውጭ አስቀምጬ ብቻዬን ገባሁ። ስለ ሹፌሩም፣ ስለ ተቆጣጣሪውም፣ ስለ እንግዳውም አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። እውነቱን ልንገርሽ፤ «ጎጂ ነው» እንድትለኝ ፈልጌ ነው። አንዴ ብትልልኝ ውሸቴ እውነት ይሆንልኛል።

ጨርሼ ስጠብቅ፣ «ሹፌር ሲሆን ምን ይችላል?» አለችኝ።

«ምን ማለት?»

«ለምሳሌ መንገድ ይሻገራል?»

«ይሻገራል።»

«ሰው ሰላም ይላል?»

«ይላል። ዳቦም ይገዛል። ገበያ መሃል ያልፋል፤ ጩኸትም ይችላል።»

«ሹፌር ካልሆነስ?»

ከንፈሬ ላይ ያለውን ፕላስተር አየችው።

«ኦቲዝም ላለበት ሰው» አለችኝ፣ «ገበያ ለአንቺና ለእኔ እንደሆነው አይደለም። ድምፁም መብራቱም የሰው ፊቱም እኩል ነው የሚመጣበት። ልጅሽ ያንን የሚያልፍበት መንገድ ራሱ ሠርቶ ነበር። የማንም እርዳታ ሳይኖር። መቼ ነው የተወው?»

እህቴ በሄደች ጊዜ ማለት ነበረብኝ። «አላስታውስም» አልኳት። አየሽልኝ? እዚያም ላይ ለአንቺ ድርሻ ልሰጥ አልፈለግሁም።

«ግን እኮ ሹፌር ነኝ ብሎ ያምናል» ስላት ፈገግ አለች። «ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?»

ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ጠይቄው አላውቅም። ተቆጥቼው፣ ለምኜው፣ አፍሬበት አውቃለሁ። ጠይቄው ግን አላውቅም።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ መኝታ ክፍሉ ወለል ላይ ተቀምጦ ሳለ ገባሁ። ሽማግሌው እንዳደረጉት ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ሲንቋቋ ሰምቶ አየኝ።

«አቡሽ፣ አንተ ሹፌር ነህ?»

«አይደለሁም» አለ። «መንጃ ፈቃድ የለኝም።»

«ታዲያ ለምን ትነዳለህ?»

ብዙ አሰበ። አላቻኮልኩትም። «አውቶቡስ ላይ ‹ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው› ተብሎ ተጽፏል» አለ። «ሰው ሲጮህ ሹፌር መንገዱን ነው የሚያየው። መንገዱን ብቻ ማየት ይፈቀድለታል። እኔ ግን አይፈቀድልኝም።»

«ማን ከለከለህ?»

«‹ሰው ሲያናግርህ ዓይኑን እይ› ትይኝ የለ?»

እውነቱን ነው። ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ ስለው ኖሬያለሁ። ቀጥሎ ያለውን ለመጠየቅ ፈራሁ፤ ግን ከጀመርኩ አይቀር ብዬ ጠየቅሁት።

«እንግዳውስ? እኔን ለምንድን ነው እርስዎ የምትለኝ? እናትነቴን ጠልተኸው ነው?»

ጥያቄው የገባው አልመሰለኝም። ግንባሩን ቋጠረ።

«ስትናደጂ ትጮሂያለሽ» አለ። «ግን ስትጮሂ በር ከተንኳኳ ድምፅሽን ትቀንሻለሽ። ‹ግቡ፣ ግቡ› ትያለሽ። እንግዳ ላይ ጮኸሽ አታውቂም።»

እህቴ፣ እዚያው ወለሉ ላይ ቀረሁ። እኔ ባዳ ያደረገኝ መስሎኝ ስቃጠል፣ ልጄ ለካ እኔ የማልጮህበትን ሰው ፈልጎ አግኝቶ፣ እሱን ሆኖ ነው በር የሚያንኳኳው። ከእኔ ሊርቅ አልነበረም፤ አጠገቤ መቀመጥ ፈልጎ ነው።

«ለአክስትህስ ለምን እንግዳ አትሆንም ነበር?» አልኩት።

«አክስቴ አትጮህም» አለኝ።

ቀናሁ። አዎ፣ ያኔም ቀናሁ። ያኔ ግን በማን ላይ እንደሆነ ጠፋብኝ።

ድምፄን መቀነስ ጀመርኩ። ቀላል እንዳይመስልሽ፤ በሃምሳ አምስት ዓመት ጉሮሮ መቀየር ማለት ነው። ድስት ሲያርብኝ ጓዳ ገብቼ ፎጣ ውስጥ እጮሃለሁ። «ዓይን እይ» ማለቱንም ተውኩ። ከወር በኋላ አንድ ሐሙስ፣ መስኮት ላይ ሆኜ ከአጥር ግቢው ሲወጣ አየሁት። ቆም አለ፤ ግራ ቀኝ አየና እጁን ዘረጋ። መጋረጃውን ሳብኩት፤ አይቶኝ እንዳይተወው።

ቢሆንም «ደወለች?» ማለቱን አልተወም። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ። ባለፈው ወር ግን ጥያቄውን ቀየረው። «አክስቴ ምን አድርጌባት ነው?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ለመዋሸት አቅም አጣሁ። «አንተ ምንም አላደረግህም፤ እኔ ነኝ እንዳትደውል የከለከልኳት። ዋሽቼያት ነው» አልኩት። ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ። «ቀንቼ» አልኩት።

ተነሥቶ ወጣ። በር ተንኳኳ።

አሥራ አንድ ቀን ሙሉ እንግዳ ሆነብኝ። «እንደምን አደሩ እመቤት»፣ «አያስቸግርዎትም?»፣ «በቂ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ።» አልተቆጣሁም፤ አልለመንኩም። «ይግቡ፣ ይቀመጡ» አልኩት፤ እኔም እርስዎ እያልኩት አስተናገድኩት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሳያንኳኳ ገባና፣ «እማዬ፣ ሸሚዜ ቁልፍ ወልቆበታል» አለኝ።

ቁልፉን እየተከልኩለት፣ ዓይኔን ከመርፌው ሳላነሣ ጠየቅሁት። «አቡሽ፣ እኔስ ማን ልሁንልህ? ተሳፋሪ ልሁን? መንገደኛ ልሁን?»

«ተሳፋሪ አክስቴ ናት» አለ ወዲያው። ቀጥሎ ግን አሰበበት። ክሩን እስክቋጥር ድረስ አሰበበት። «አንቺ እማዬ ሁኚ» አለኝ። «እዚያ ቦታ ላይ ሌላ ሰው የለበትም።»

ደግነት መስሎት አይደለም እንዲህ ያለው፤ ታውቂዋለሽ፣ እንዳለ ነው የሚናገረው። ክፍት ቦታ እንዳለ ነው የነገረኝ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሌላውን ወንበር ስመኝ የራሴ ላይ ማንም አልተቀመጠም ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ወደ አንቺ መምጣት ይፈልጋል። ብቻውን፣ በአውቶቡስ። ቅዳሜ ጠዋት ተነሥቶ ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ መናኸሪያችሁ ይደርሳል። ከማተሚያ ቤቱ የሁለት ሳምንት ፈቃድ ወስዷል። «እንደ ማን ሆነህ ነው የምትሄደው?» ስለው፣ «መናኸሪያው ምን ያህል እንደሚጮህ ሳላይ አልወስንም» ብሎኛል። ሐኪሟም ሽማግሌውም ይችላል ብለዋል። እኔም «ይችላል» ብያለሁ።

ቁጥርሽን ሰጥቼዋለሁ፤ የእሱንም አዲስ ቁጥር ፖስታው ጀርባ ላይ ጽፌልሻለሁ። መልእክት ሊጽፍልሽ ሲል፣ ይህ ደብዳቤ እስኪደርስሽ ጠብቅ አልኩት፤ የሠራሁትን አስቀድመሽ ከእኔ እንድትሰሚ ብዬ ነው። ሐሙስ ይደርሳል ብለውኛል። ባይመችሽ፣ ወይም ልታዪን ባትፈልጊ፣ ለእሱ ለራሱ ጻፊለት። እኔ በመካከላችሁ ቃል አላቀብልም፤ ሳቀብል ምን እንደማደርግ አይተሽዋል።

ይቅርታሽን በዚህ ደብዳቤ አልጠይቅሽም። ሁለት ዓመት የወሰድኩብሽን በአንድ ቃል ተዪልኝ ማለት ያሳፍረኛል። ስትችዪ፣ ብትችዪ።

ሻንጣውን አዘጋጅቼ ጨርሻለሁ። ስድስት ሸሚዝ አለው፤ የታጠበውን ፀሐይ ላይ እንዳታቆዪው፣ ፀሐይ ካደረቀው ይሻክርበታል። ሲደርስ ሮጠሽ አትቀፊው፤ እሱ እስኪጠጋሽ ቁሚ። ይህንን ለአንቺ መንገሬ ለራሴም አስቆኛል። ከእኔ ይልቅ የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ እንዲህ ብሎ መጻፍ ትንሽ እንደከበደኝ አልደብቅሽም። ሸሚዞቹን ሳጥፍም ቀንቻለሁ። ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ ፊትሽን ሲያይ እንዴት እንደሚሆን እኔ አላየውም፤ አንቺ ታዪዋለሽ።

ሁለቱ ሳምንት ካነሰው ይቆይ። ሲመለስም ምን እንዳወራችሁ አልጠይቀውም።

እንዳልጠይቀው እሞክራለሁ ማለቴ ነው።

ታላቅ እህትሽ